ስለማይለቅ ቁርጥማት፤ ምክንያቱና ጥንቃቄው

በባሕር ዳር፥ በፋሲሎና በሐይቁ ዳርቻ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ፥ «ቁርጥማት ያዘኝ፤ የጣና ነፋስ አጥንቴ ገባ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ሕመሙ በጥቂት ቀን የሚለቅ ከሆነ አያሳስብም። ነገር ግን ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ፥ ከአንገት እስከ እግር ሲዛመት፥ እንቅልፍን ሲነሣና ሰውነትን ሲያዝል፥ ፋይብሮማያልጂያ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሕመምተኞች ተመርምረው «ምንም የለብሽም» ተብለው ሲመለሱ፥ ቤተ ሰዎቻቸው ሰነፍ ይሏቸዋል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው።

ሐኪሞችም ራሳቸው ለብዙ ዘመን ምክንያቱን አላገኙትም ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ጋወርስ በ1904 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ከጅማት መቈጣት የመጣ መስሎት «ፋይብሮሳይተስ» አለው። ኋላ ግን በምርመራ የተቈጣ ነገር ስላልተገኘ ስሙ ተለወጠ።

ዛሬ እንደሚታወቀው፥ ዋናው ጉዳይ ያለው በጡንቻው ላይ ሳይሆን የሕመምን ወሬ በሚቀበሉት በኅብለ ሰረሰርና በአንጎል ነው። አንድ ጊዜ ሌባ የገባበት ዘበኛ ከዚያ ወዲያ ደንገሉ በነፋስ በተንሿሿ ቍጥር «ሌባ!» እያለ እንደሚጮህ፥ ነርቭም ከልኩ በላይ ሲነቃ ቀላሉን ንክኪ እንደ ቍስል ይቈጥረዋል። ስለዚህ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ነርቭን እንዲህ የሚያደርገው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለ፤ ኀዘን፥ የጦርነት ድንጋጤ፥ የቆየ ጭንቀትና አደጋም ያነሣሡታል። እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. በካናዳ ጤነኞችን ሰዎች ከጥልቅ እንቅልፍ ቢከለክሏቸው፥ በጥቂት ሌሊት ውስጥ ሰውነታቸው ሲነካ ያማቸው ጀመር።

ብዙዎች ግን ዲክሎፌናክ ገዝተው በየቀኑ ይወስዳሉ። ይህ መድኃኒት የተቈጣን ያበርዳል እንጂ ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፤ ሲዘወተርም ጨጓራን ያቈስላል፥ ኵላሊትን ይጐዳል። የሚጠቅመው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በእግር መሄድ፥ በተወሰነ ሰዓት መተኛትና ማታ ቡና አለመጠጣት ነው። ይህ ካልበቃ ነርቭን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሐኪም ያዛል።

ሆኖም ቁርጥማት ሁሉ ይህ ነው ማለታችን አይደለም። ትኩሳት፥ የመገጣጠሚያ እብጠት ወይም ክሳት ካለበት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ወባም፥ የእንቅርት ዕጢ መድከምም ሰውነትን ይቈረጥማሉና በደም ምርመራ ይለያሉ።

መምህራንም ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች ይህን እንዲያስረዱልን እንለምናለን፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚሻው የሚያምነውን ሰው ነውና።