የመድህኑ 15 ዓመትና የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ተሞከረ። በ2018 15 ዓመት ሞላው።

ወሬው ሁሉ ስለ አባላት ብዛትና ስለ መዋጮ ነው። አባሉ ግን የሚያማርረው ሌላ ነገር ነው፤ ካርድ አውጥቶ፣ ሐኪም አይቶት፣ መድኃኒቱ ጋ ሲደርስ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መድኃኒት ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ቀደም ያሉ ጥናቶች መድህኑ አባላቱን በመጠኑ ከብድር እንዳዳነ አሳይተዋል፤ አልክድም። መድህኑ ያልሸፈነውን ዕድር ይሸፍናል እንዳይባል፣ ዕድሩ ለቀብር ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለታማሚ ግን በብዙ ቦታ የሚሰጠው ብድር ነው።

ሕመም እንዴት እንደሚያደኸይ ተመራማሪውን አኒሩድ ክሪሽናን ያህል ያስረዳኝ የለም። ሌሎች ድሃው ስንት ነው ብለው ሲቆጥሩ፣ እሱ ማን በምን ደኸየ ብሎ ጠየቀ። በህንድ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በፔሩ መንደርተኞችን ሰብስቦ፣ ችግረኛ ቤት ሲቃናለት በመጀመሪያ ምን ያደርጋል ይላቸዋል። ጠግቦ ይበላል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ጣሪያ ይጠግናል እያሉ ደረጃውን ራሳቸው ያወጡለታል። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ድሮ የት ነበር፣ ዛሬስ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስነበበው፣ አንዱ ከድህነት ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ለሚገቡትም ዋናው ምክንያት ሕመምና የሕክምና ወጪ ነው።

የሕክምና ወጪ ጉዳትን የሚለካው የተለመደው መለኪያ ግን ሕመም ቤትን ሲያደኸይ የሚያይበት ዓይን የለውም። ለሕክምና የወጣው ከቤቱ ጠቅላላ ወጪ 10 በመቶ ካለፈ ቤቱ ተጎዳ ይላል። ገንዘብ አጥቶ እቤቱ የተኛው ታማሚ ግን ወጪው ዜሮ ስለሆነ ካልተጎዱት ጋር ይቆጠራል! በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት እጥበት ሲለመንላቸው የምንሰማቸው፣ ዘመድ በኢንተርኔት በጎፈንድሚ ገንዘብ የሚያሰባስብላቸው፣ ቢያንስ ሰው አውቋቸዋል።

መድህኑ የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ቢሸፍን እንኳ የመኪናው፣ የማደሪያ አልጋውና የአስታማሚው ምግብ ወጪ ከኪስ ነው። ታማሚው አባወራ ከሆነ ደግሞ እርሻው ለእኩል ይሰጣል ወይም ጦም ያድራል፤ አስታማሚው ልጅም ከትምህርቱ ይቀራል። ይህን የሚመዘግብ ደረሰኝ የለም።