ያውቁ ኖሯል? የልጅ ልጆች ስም ያለዘበው ድርድር

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978 በካምፕ ዴቪድ የተካሄደው የግብፅና የእስራኤል ድርድር 13 ቀናት ፈጅቷል። የግብፁ ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳትና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናሄም ቤጊን ፊት ለፊት ሲገናኙ ጭቅጭቁ ስለከረረ፣ አሸማጋዩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሁለቱን ለያይተው በየማረፊያቸው እየተመላለሱ ያነጋግሯቸው ጀመር።

በመጨረሻው ቀን ቤጊን አሜሪካ ስለ ኢየሩሳሌም ባዘጋጀችው ደብዳቤ ተቆጥተው አልፈርምም አሉ።

ቀደም ሲል ግን ለልጅ ልጆቻቸው የሦስቱ መሪዎች ፎቶግራፍ ተፈርሞ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ነበር። ካርተር በየፎቶው ላይ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጽፈው ራሳቸው ወሰዱላቸው። ቤጊን ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

ስለ ኢየሩሳሌም የተጻፈው ደብዳቤ ቃላትም ተለሳለሱ፤ ቤጊንም ለመፈረም ተስማሙ። ስምምነቱ በዚያው ምሽት በዋይት ሐውስ ተፈረመ፤ የሰላም ውሉ ደግሞ ማርች 26 ቀን 1979።