ጅዳ የቀሩት መጀላዎቻችን

ስለ ልጆች ሥዕላዊ መጽሔት መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቁም ነገር የጎደለው መስሎ ይታይ ይሆናል። ጅዳና መካ ያደግን ኢትዮጵያውያን ግን ጎልምሰን፣ ባሕር ተሻግረን እነዚህኑ መጽሔቶች የምንሰበስበው ለምን እንደ ሆነ ማስረዳት ይገባናል።

እቤት የወላጆቻችንን ቋንቋ፣ መንገድ ላይ ዐረብኛ እንናገር ነበር። ዐረብኛ ማንበብን በፍቅር ያስተማረን ከሰፈሩ በቃላ የሚገዛው መጀላ ነው። ከሁሉ የሚወደደው በ1979 (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አቡ ዳቢ መታተም የጀመረው «ማጂድ» ነበር። በየዕትሙ አንድ ሥዕል ውስጥ ፉዱሊ የተባለ ትንሽ ሰው ይደበቃል። መጀላው ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አስቀድሞ ያገኘው ልጅ በእስክሪብቶ ክብ ያደርግበትና የሌላውን ሁሉ ደስታ ያጠፋል። ሳውዲ ዐረቢያ ራሷ የመካው ተወላጅ ባለቅኔ ጧሂር ዘመኽሸሪ በ1959 ያወጣው «አል ረውዳ» ነበራት፤ ዕድሜው አጭር ስለ ነበር አልደረስንበትም።

ከታላላቆቻችን የወረስነው ደግሞ ከ1964 ጀምሮ በቤይሩት በዐረብኛ የታተመውን ሱፐርማን ነው። ክላርክ ኬንት እዚያ ነቢል ፈውዚ ይባላል። ብዙዎቻችን ነቢል ዐረብ አለመሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው! ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ አታሚዎች ሥዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበርና ቀኘኛው ጀግና ግራኝ ይሆናል። ዶርፍማንና ማተላር በ1971 ቺሌ ውስጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ዶናልድ ዳክን የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ብለው መተቸታቸው ይታወቃል። ትችቱ ብዙ እውነት አለው፤ ሆኖም እኛ ነቢልን የጎረቤት ልጅ አድርገን ነው ያነበብነው።

ከአገር የመጣ ዘመድ የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል የሚሣለውን ሸራ ሲያመጣልን፣ በለመድነው መንገድ ከቀኝ ጀመርነው። ማክዳ ወደ ኋላ እየተራመደች አገሯ ገባች። ያገራችንም ሠዓሊ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ ያውቅበት እንደ ነበር የተገለጸልን ኋላ ነው።

ከጅዳ መካ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ስለማይገባባት፣ ከመካከላችን ክርስቲያን የነበሩት መጀላዎቻቸውን ለጎረቤት ልጆች ያውሱ ነበር። መጀላው መካ ደርሶ፣ ጠርዙ ታጥፎ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ግን ከተማዋን አይቷት አያውቅም።

ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ወደ አገር ተመለሱ። ብዙው ቤተሰብ የያዘው በእጁ የሚሸከመውን ብቻ ነበር። በሻንጣ ሚዛን ላይ መጀላ ከብርድ ልብስና ከድስት ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም።

እንግዲህ ዛሬ በካይሮው የአዝበኪያ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያም ሆነ በጅዳ ሐራጅ የምንፈልገው ያንኑ ነው። ነጋዴው ንጹሑን ዕትም ያስወድዳል፤ እኛ የምንጓጓው ግን ጠርዙ ላይ በአማርኛ ፊደል የልጅ ስም ለተጻፈበት ነው። እስካሁን ያገኘነው ሁለት ብቻ ነው።

እናንተም ካገኛችሁ፣ ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው ሊግኒን የተነሣ ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይበልዛልና ጨለማ ባለበት ካርቶን ውስጥ አስተኝታችሁ አኑሩት። የጅዳ የባሕር እርጥበት ያዛገውን የስቴፕለር ሽቦ ቀስ አድርጋችሁ አውጡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ፉዱሊ ላይ የተደረገውን ክብ ግን እንዳትነኩት።