የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ

የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገዢዎች ቀድመው የሚጠይቁኝ «አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብለው ነው። የባትሪው ዓይነት ግን ይቀድማል።

🔋 ኤልኤፍፒ (የሊቲየም፣ ብረትና ፎስፌት ባትሪ)፦ ኒኬልም ኮባልትም የለውም። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ሙቀት ይችላል፣ ዕድሜው ረጅም ነው። የቢዋይዲ «ብሌድ» ባትሪ ከዚህ ወገን ነው።

🔋 ኤንኤምሲ (የኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ሊቲየም ባትሪ)፦ በእኩል ክብደት የበለጠ ኃይል ይይዛል፤ ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ይመቻል።

አያያዛቸውም ይለያያል። ኤንኤምሲን ለከተማ ምልልስ 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል። ኤልኤፍፒን ግን አልፎ አልፎ እስከ 100 ሙሉት፤ አለበለዚያ ቮልቴጁ ቶሎ ስለማይወርድ ዳሽቦርዱ የቀረውን ቻርጅ አሳስቶ ሊያሳያችሁ ይችላል።



ያገለገለ መኪና ከሆነ ደግሞ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ብቻ አትዩ፤ ቀብድ ሳትከፍሉ የባትሪውን ጤንነት በማሽን አስመርምሩ።