የዛሮቹን ብርጭቆ ፊደሉ ብቻ አይመሰክርለትም

በጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ ላይ ዘውድና ባለ ሁለት ራስ ንስር የተቀረጸባቸው፣ አፋቸው በወርቅ የተከፈፈ የሩሲያ ብርጭቆዎች በውድ ዋጋ ይሸጣሉ፡፡ ገዢው አስቀድሞ የሚፈልገው የንጉሡን ስም የሚያመለክተውን ፊደል ነው፡፡ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፡፡

በመጀመሪያ ፊደሉ ራሱ ያሳስታል፡፡ የእንግሊዝኛውን “ኤች” የሚመስለው የሩሲያ ፊደል የሚነበበው “ን” ተብሎ ሲሆን ኒኮላይን ያመለክታል፤ ቀዳማዊውን ከዳግማዊው የሚለየው አብሮት ያለው አኀዝ ነው፡፡ ንግሥት ኤልሳቤጥና ዳግማዊት ካትሪን ደግሞ በሩሲያኛ ስማቸው የሚጀምረው በአንድ ፊደል ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1741 ዙፋን የያዙት የታላቁ ጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ግብር የሚወዱ ነበሩ፡፡ በዘመናቸው የተሠሩት ባለ ክዳን ረጃጅም ጽዋዎች የንግሥቲቱን ምስል ይዘዋል፡፡ ሥራው እንዲህ ነው፡- ትንሽ የመዳብ መንኮራኩር ዘይትና ጠንካራ የድንጋይ ዱቄት እየተቀባ ይሽከረከራል፤ ቀራጺው ብርጭቆውን ከሥር ወደ መንኮራኩሩ እያስጠጋ ይፍቀዋል፡፡ ምስሉ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ቢሆንም ለተመልካች ወደ ውጭ ያበጠ ይመስላል፡፡ ጥሩ ቀራጺ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፡፡

ወርቁ በሁለት መንገድ ይለበጣል፡፡ አንደኛው ስስ የወርቅ ቅጠልን በማጣበቂያ መለጠፍ ሲሆን በመታጠብ ብዛት ይለቃል፡፡ ሁለተኛው የወርቅ ዱቄት በብሩሽ ተቀብቶ፣ በእሳት ከተጠበሰ በኋላ የሚወለወለው ነው፤ ይኼኛው ይቆያል፡፡ ስለዚህ ወርቁ ስለለቀቀ ብቻ ዕቃው እውነተኛ፣ ስላልለቀቀ ብቻ ሐሰተኛ ነው ማለት አይቻልም፡፡

ይበልጥ አስቸጋሪው ማጭበርበር ግን ሌላ ነው፡፡ ምንም ያልተቀረጸበት አሮጌ ብርጭቆ ተገዝቶ ንስርና ዘውድ በቅርቡ ይቀረጽበታል፡፡ መስታወቱ በእርግጥም ያረጀ ስለሆነ ብዙዎች ይታለላሉ፡፡ እኔ ብሆን ከወርቁ በፊት ቀረጻውን በማጉያ መነጽር አይ ነበር፡፡ የዘመናት ጭረት በቀረጻው ጠርዝ ላይ አልፎ ከሄደ ቀረጻው የቆየ ነው፤ አሮጌው ጭረት ቀረጻው ጋ ሲደርስ ከተቆረጠ ግን ቀረጻው ኋላ የመጣ ነው፡፡

የቤተ መንግሥቱ የመስታወት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1777 ለልዑል ፖቴምኪን ተሰጥቶ ነበር፡፡ እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1792 ለመንግሥት ተመለሰ፤ በ1890 ደግሞ ከሸክላ ፋብሪካው ጋር ተዋሐደ፡፡

ዕቃዎቹ ከሩሲያ የወጡበት አንዱ ምክንያት የሶቪየት መንግሥት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ንብረት መሸጡ ነው፡፡ በዚያ ወቅት በሞስኮ የአሜሪካ አምባሳደር ባለቤት የነበሩት ማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስት ብዙ ሰብስበዋል፡፡ ዋሽንግተን የሚገኘው ሂልውድ የተባለው መኖሪያቸው ከ1977 ጀምሮ ሙዚየም ስለሆነ፣ በዚያች ከተማ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስብስቡን ሄደው መጎብኘት ይችላሉ፡፡