መግቢያው ይላላ፣ መውጫው ይጥበቅ

ከፈረንሳይ ወይም ከጃፓን ተነስቶ ላሊበላን ለማየት የሚመጣ ሰው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ እስኪደርስ ብዙ በር ያልፋል። ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት። ለቪዛ የፓስፖርቱን የመረጃ ገጽና ጉርድ ፎቶግራፉን በኢንተርኔት ይልካል፣ በካርድ ይከፍላል፣ የሚላክለትን የፈቃድ ደብዳቤ አትሞ ይይዛል። ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣ ከሆነ የክትባት ካርዱን ይጠየቃል። ቦሌ ላይ ማህተሙ ካረፈለት በኋላ ደግሞ ሻንጣው በጉምሩክ መፈተሻ ያልፋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ወፍ ለማየት የያዘው የርቀት መነጽር እንኳ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። ይህን ሁሉ ጨርሶ ላሊበላ ያለችበት ላስታ ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ የመግቢያ ትኬት ይጠብቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለውጭ አገር ጎብኚ 50 ዶላር ሲደረግ ብዙ አስጎብኚ አጉረምርሞ ነበር።

በዚህ ሁሉ በር ላይ ጭንቀታችን በሚገባው ሰው ላይ ነው። ማን ነው? ለምን መጣ? ምን ይዟል? መቼ ይመለሳል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ የትኛውም አገር ይጠይቃቸዋል። የላስታ ታሪክ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ይህ ደጋ አገር የማይተካ ነገር ያጣው በወጣ ዕቃ እንጂ በገባ ቱሪስት አይደለም። ስለዚህ ለእንግዳው ደንቡ ይቅለል፣ ግልጽ ይሁን፣ በየጊዜው አይለዋወጥ፤ ጥብቅነታችንን ወደ መውጫው እናዙረው ባይ ነኝ። ሐሳቡን የሚቃወሙ ሰዎች የያዙት ምክንያት ቀላል አይደለምና እሱንም እመለስበታለሁ።

በድሮው ዘመን ጥበቃው በእርግጥም መውጫው ላይ ነበር፤ የሚጠበቀው ግን ሰው ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ገባ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አግብቶ ልጆች ወለደ። አገሬ ልመለስ ሲል ግን አልተፈቀደለትም፤ እስክንድር ሞቱ፣ ከእሳቸው በኋላ የነገሡት አፄ ናዖድ ከለከሉት። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ሲመጡ ይህን ሰው ከነቤተሰቡ አገኙት። ከመልእክተኞቹ መካከል የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ አንባቢ በዝርዝር የጻፈው፤ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። ሕንፃዎቹን ገልጾ ሲያበቃ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቷል። እነ አልቫሬዝም ቢሆኑ ከአገር የወጡት ከስድስት ዓመት በኋላ በ1526 ነው። አዋቂና ባለሙያ የውጭ ሰው ከተገኘ ማስቀረት የቤተ መንግሥቱ ልማድ ነበር፤ የዛሬውን ቪዛ በአእምሯችን ይዘን ስናየው የመግቢያ ፈቃዱ ለሕይወት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የገባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር አስከትሎ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነሳና በትግራይ አድርጎ፣ በአሸንጌ አልፎ፣ የዋግንና የላስታን ደጋ አቋርጦ በዋድላና በደላንታ በኩል አፄ ቴዎድሮስ ወደነበሩበት መቅደላ ደረሰ። በትግራይ በኩል ደጃዝማች ካሣ ምርጫ አሳለፉት፤ ውለታውንም ሠራዊቱ ሲመለስ በጦር መሣሪያ ተቀበሉ። የላስታና የዋግ ጌታ ዋግሹም ጎበዜም ከቴዎድሮስ ጋር ጠበኛ ነበሩና መንገዱን አልዘጉበትም። አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ከመቅደላ የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ዘውድና ጽዋ በ15 ዝሆንና በሁለት መቶ ያህል በቅሎ ተጭኖ ወጣ ይባላል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ዛሬም እንግሊዝ አገር ነው። የናፒየር ጦር መጥቶ ሄዷል፤ ስለ እሱ የሚያንገበግበን መግባቱ አይደለም፣ ይዞት የወጣው ነው።

ይህ የጦርነት ወሬ ነው፣ ዛሬ ማን ዝሆን ይጭናል የሚል ይኖራል። በ1989 ዓ.ም. የሆነውን ላንሳ። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ የቤተ መድኃኔ ዓለም ንብረት የሆነው፣ አፍሮ አይገባ የሚባለውና 7 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን የሚነገርለት የወርቅ መስቀል ተሰረቀ። ምእመኑ በሕመም ጊዜ የሚታሽበት፣ የንጉሥ ላሊበላ ነው ብሎ የሚሳለመው መስቀል ነው። ሲገኝ የተገኘው ቤልጅየም፣ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰውም በ1993 ዓ.ም. ነው። አስቡት፤ ያን የሚያህል ወርቅ ከላስታ ወርዶ፣ ኬላ አልፎ፣ ድንበር ተሻግሮ አውሮፓ ገባ። ያን ጊዜ የባህል ንብረትን ሕገወጥ ዝውውር የሚከለክለውን የ1970 የዩኔስኮ ስምምነት ኢትዮጵያም ቤልጅየምም ገና አልተቀበሉትም ነበር። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቤልጅየምም እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስለዚህ መስቀሉ ከወጣ በኋላ ይመለስልን የሚባልበት የሕግ መንገድ ጠባብ ነበር፤ በቀላሉ ማዳን የሚቻለው ከመውጣቱ በፊት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ላሊበላ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቄሱ መስቀሉን ይዘው ከመጋረጃው ብቅ ይላሉ፣ የካሜራው ብልጭታ ዓይናቸውን ስለሚያሠቃያቸው ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ፣ ከዚያ ጎብኚው ያነሳል። የተሰረቀ ንዋይ የእኔ ነው ለማለት ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ፎቶግራፍ ነው። በመግቢያው የምንጠረጥረው የቱሪስቱ ካሜራ ለቤተ ክርስቲያኑ ምስክር ይሆናል ማለት ነው። እንግዳ የሚበዛበት ቤተ ክርስቲያን ንዋዩ ቢጠፋ በብዙ ዓይን የታየ ነው፤ እንግዳ የማይደርስበት፣ በላስታ ገደል ውስጥ ያለ ገዳም ያለው ብራና ግን ቢወጣ እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም።

አሁን ወደ መግቢያው ልመለስ። ኢትዮጵያ በኢንተርኔት ቪዛ መስጠት የጀመረችው በሰኔ 2009 ዓ.ም. ነው። ለቱሪስት የ30 ቀኑ 52 ዶላር፣ የ90 ቀኑ 72 ዶላር ነበር፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ እንደደረሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተወሰነ፤ ኬንያውያንና ጅቡቲያውያን ከድሮም ቪዛ አይጠየቁም። የኢትዮጵያ ተወላጅ ሆኖ የሌላ አገር ዜግነት ያለው በአዋጅ 270/1994 የሚሰጠውን ቢጫ ካርድ ከያዘ ያለ ቪዛ ይገባል። ጥሩ እርምጃዎች ናቸው፤ እክሉ ያለው በዝርዝሩ ነው። የኢንተርኔት ቪዛው ሲጀመር የሚያገለግለው በቦሌ ለሚገባ ብቻ ስለነበር፣ በመተማ ወይም በሞያሌ በመኪና የሚመጣ መንገደኛ ቆንስላ ደጅ መጥናት ነበረበት። ቀኑ የሚቆጠረውም ማመልከቻው ላይ እገባለሁ ብሎ ከሞላው ዕለት ጀምሮ ነው፤ በረራው በሳምንት የተገፋበት ሰው 30 ቀኑ 23 ሆኖ ይጠብቀዋል። ቪዛ ደግሞ የመግቢያ ዋስትና አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው መስኮቱ ላይ ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነው። ለጎብኚ ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው እንዲህ ያለው እርግጠኛ ያለመሆን ነው። ለጉዞው ሺህ ዶላሮች የሚያወጣ ሰው በሃያ ዶላር ጭማሪ ሐሳቡን አይለውጥም፤ ደንቡ ሲለዋወጥ ግን የጉዞ ወኪሉ ራሱ ሌላ አገር እንዲመርጥ ይመክረዋል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ክብርን የሚመለከት ነው። እነሱ ለእኛ ልጆች ምን አቅልለዋል? ይላል። እውነት ነው። ወደ ሸንገን አገሮች መሄድ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ያቀርባል፤ ክፍያው ከጁን 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ደርሷል፣ ቢከለከልም አይመለስለትም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቿን ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገችም ብሎ የቪዛ ውሳኔ ጊዜውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው፤ ተመላልሶ መግቢያ ቪዛንም ለኢትዮጵያውያን አቆመ። ማን አይከፋውም? ነገር ግን ብድር እንመልስ ብንል የምንመታው ብራስልስን አይደለም። ከሊዮን የመጣች የታሪክ አስተማሪን ነው፤ ከእሷም ይልቅ ወደ አሸተን ማርያም ገዳም የሚያወጣትን ባለ በቅሎና ምሳዋን የሚያቀርብላትን ሆቴል ነው። አጸፋ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲፈላለጉ ነው። የላሊበላ ሰው እንግዳውን የሚፈልገው እንግዳው ላሊበላን ከሚፈልገው በላይ ነው፤ መራራ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ቱሪስቱን ያስቀረው ቪዛ ነው ወይ? ይላል። አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ለ2014ቱ ገና ዳያስፖራው ወደ አገር ቤት ሲጠራ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ አድርጎ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የላሊበላ በረራም ለጊዜው ተቋረጠ። የውጭ ኤምባሲዎች ወደ አካባቢው አትሂዱ የሚል ማሳሰቢያ ሲያወጡ ብዙ የጉዞ መድን ይቋረጣል፤ መድን የሌለውን ሰው አስጎብኚ ድርጅት አይወስድም። እዚህ ላይ ቪዛው ነጻ ቢሆን እንኳ ጥቅም የለውም። ክርክሬ ግን ቪዛ ሲቀል ቱሪስት ይጎርፋል የሚል አይደለም። የመንግሥት አቅም ውስን ነው፤ የሠራተኛ ብዛት፣ የመፈተሻ ማሽን፣ የሥልጠና ገንዘብ አንዱ ጋ ሲሄድ ሌላው ጋ ይጎድላል። ጸጥታ በደፈረሰበት አካባቢ ደግሞ ይበልጥ የሚያሰጋው የገዳማት ንዋየ ቅድሳት ነው። ጠባቂው ሲሸሽ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ የተራበ ሰው ሲበዛ ብራና ገበያ ይወጣል። እንግዳ በማይገባበት በዚህ ጊዜ መውጫውን መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሕጉ አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቅርስ ያልሆነ ጌጣጌጥ የያዘ መንገደኛም ከቅርስ ባለሥልጣን የምስክር ወረቀት አውጥቶ ጉምሩክ ላይ ያሳያል። በተግባር ሲታይ ግን እንዲህ ነው፤ አንድ ጎብኚ ላሊበላ ገበያ መንገድ ላይ የእንጨት መስቀልና በጭስ ያረጀ የመሰለ ትንሽ ብራና ይገዛል። ሻጩ አሮጌ ነው ይለዋል፣ ያን ጊዜ ዋጋው ይወደዳል። ብራናው ባለፈው ዓመት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ሦስት መቶ ዓመት የኖረም ሊሆን ይችላል። ገዢው አያውቅም። የሚያጣራለት ባለሙያ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የመመለሻ በረራው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ስለዚህ ወይ ሳያስመረምር ይሞክራል፣ ወይ ቦሌ ላይ ይወሰድበታል። ምርመራው እዚያው ላሊበላ ቢሆን፣ ሻጩ ማህተም ያለበት ደረሰኝ ከዕቃው ፎቶ ጋር ቢሰጥ፣ ሐቀኛው ቱሪስት በደቂቃ ያልፋል፤ ደረሰኝ የሌለው ሻንጣ ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ይህ እንግዳን ያስቸግራል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደማየው ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የአገር ቤቱን ደላላ ነው።

ካሉት እንቅፋቶች ሁሉ የሚጠነክረው ካህናቱ ራሳቸው የሚያነሱት ስጋት ነው። ንዋየ ቅድሳቱን ፎቶ አንስቶ መመዝገብ ለሌባ ካርታ መሳል ነው ይላሉ፤ የተመዘገበውን መንግሥት ነገ ሙዚየም ላስገባ ቢልስ የሚሉም አሉ። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ አፍሮ አይገባን የሚያክል ንዋይ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ነው የወሰደው። ነገር ግን ሌባው መዝገብ አያሻውም፤ ማን ምን እንዳለው ወሬው ይደርሰዋል። መዝገብ የሚያሻው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ብራስልስ ወይም ለንደን ላይ ቆሞ ይህ የእኛ ነው የሚለው ሰው ነው። መዝገቡ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ ተዘግቶ ቢቀመጥና የሚከፈተው ስርቆት ሲደርስ ብቻ ቢሆን ሁለቱም ስጋት ይቀላል። ቦሌ ያለው የጉምሩክ ፈታሽ የገዳሙን ግምጃ ቤት ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሻንጣው ውስጥ ያገኘውን ብራና ፎቶ ልኮ፣ ይህ ከእናንተ ወጥቷል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ስልክ ካለው ይበቃዋል።