ኪ-67

ኪ-67 በመከፋፈል ዑደት ላይ ባሉ የሰው ህዋሳት አስኳል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ህዋሱ ከዑደቱ ወጥቶ ሲያርፍ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ ከፕሮቲኑ ጋር የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) በናሙና ውስጥ የትኞቹ ህዋሳት በመባዛት ላይ እንደሆኑ ያሳያል።

ስያሜና ታሪክ

ፀረ እንግዳ አካሉን ዮሐንስ ጌርደስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ አደረጉ። የተሠራውም የሆጅኪን ሊምፎማ ህዋሳት አስኳል በተወጉ አይጦች አማካኝነት ነው። «ኪ» ሥራው ከተከናወነበት የጀርመን ከተማ ከኪል የመጣ ሲሆን፣ «67» ደግሞ 96 ጉድጓዶች ባሉት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የተገኘበት ጉድጓድ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የሚሠራው በቅዝቃዜ በጠጠረ ናሙና ላይ ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ኤምአይቢ-1 ግን በፎርማሊን ተጠብቆ በሰም በተቀበረ ናሙና ላይም ይሠራል።

አሠራር

1. ናሙናው በስሱ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ይለጠፋል፤ ሰሙም ይወገዳል።
2. በፎርማሊን የተሸፈነው ፕሮቲን እንዲገለጥ ናሙናው በፈሳሽ ውስጥ ይሞቃል።
3. ፀረ እንግዳ አካሉ ይጨመርና ከኪ-67 ጋር ይጣበቃል።
4. ኢንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል በመጀመሪያው ላይ ይያዛል።
5. ኢንዛይሙ የተጨመረለትን ኬሚካል ወደ ቡናማ ቀለም ይለውጣል። ሌሎቹ አስኳሎች ሰማያዊ ይቀባሉ።

ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። ከ500 የዕጢ ህዋሳት 100ው ቡናማ ከሆኑ የኪ-67 መጠን 20 በመቶ ነው።

ከሌሎች ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር

ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን (ቢአርዲዩ) የተባለው ንጥረ ነገር በሕይወት ላሉ ህዋሳት አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ፀረ እንግዳ አካሉም ንጥረ ነገሩ በተሰጠበት ጊዜ ዲኤንኤ ሲቀዱ የነበሩትን ብቻ ይለያል። ኪ-67 ግን ቀድሞ በተወሰደ ናሙና ላይ ይሠራል።

ጥቅምና ገደብ

ምርመራው በተለይ ለጡት ካንሰር ያገለግላል፤ ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታይ ነው። ሆርሞን ተቀባይ ባለው የጡት ካንሰር፣ መጠኑ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ዝቅተኛ፣ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ከፍተኛ ይባላል። ውጤቱ ኬሞቴራፒ ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ግን አሻሚ ነው፤ ቆጣሪዎችም ይለያያሉ።

ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ መጠኑ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚጓዝ ናሙና፣ የውጤቱ ታማኝነት የሚጀምረው ከማይክሮስኮፑ ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ክፍል ነው።

ኪ-67 የመከፋፈል ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦችም ያድጋሉ።